አንገቷ ላይ የማይቆይ ማተብ

እሑድ፣ የካቲት 8

ዛሬም በጠሰችው።

ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሰው ሁሉ እያየ። የነፍስ አባታችን ጸሎት ደግመው አዲሱን ማተብ አንገቷ ላይ አሰሩላት። ልጄ የውብዳር ዝም ብላ ቆመች። ትንፋሼን ውጬ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። "እሰይ፣ የኔ ልጅ" ልል አፌን ስከፍት ጣቷን በክሩ ሥር አስገብታ ሳበችው። አላለቀሰችም። የተበጠሰውን ክር በጡጫዋ ይዛ አጥሩን ታይ ጀመር።

ከጥምቀት ወዲህ አራተኛው ነው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አበሩ፣ በሹክሹክታ ያወራች መስሏት፣ "ማተብ የሚጠላው ማን እንደሆነ እናውቃለን እኮ" ስትል ሰማኋት። የውብዳር ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀንም "እማ" ብላኝ አታውቅም። አሁን ደግሞ ማተቡ ተጨመረበት። ባለቤቴ አስናቀ ጫማውን ያይ ነበር።

ምሳ ላይ አማቴ ወሰኑ። ዓርብ በበቅሎ ወደ ስማዳ ይወርዳሉ፤ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ጸበሉ ቦታ ይደርሳሉ፤ ልጅቱንም ይዘው። "እስክትናገር እዚያው እንቆያለን። ሁለት ሱባኤም ይሁን፣ ክረምት ይግባም።"

"እሺ" አለ አስናቀ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ሆዴ ሰባተኛ ወሩን ይዟል፤ ያን ቁልቁለት በእግርም በበቅሎም አልችለውም። ይህንን ሁላቸውም ያውቃሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ከተማሪዎቻቸው ጋር ዳዊት ደግሜያለሁ። መጻፍም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አማቴ ብዕር ይዤ ሲያዩኝ፣ "ምራቴ ድርሳን ልትጽፍ ነው፤ ወጡ ይረር" ይላሉ። ዛሬ እውነትም አረረ።

የማትወደው፦ ቅቤ ራሷ ላይ። እልልታ። ጉንጯን ሲስሟት። ውሃ ካናቷ ሲወርድ። ማተብ።

የምትወደው፦ ምስር ሰፌድ ላይ ሲንሿሿ። በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን። ከምሰሶው ጀርባ፣ የበቅሎዋ ኮርቻ ከተሰቀለበት ሥር መቀመጥ። የአባቷ ትንሽ ጣት። ሌላውን እጁን አትይዝም፤ ትንሿን ጣት ብቻ።

ጸበል አላምንም ማለቴ አይደለም። በልጅነቴ የዳንኩት በጸበል ነው። የምፈራው ሌላ ነው። ውሃው ካናቷ ሲወርድ ትጮሃለች። እኔ አልኖርም። ስትጮህ ደግሞ የምትጠራው ስም የላትም። የኔንም ስም አታውቅም፤ ወይም ታውቅና አትለውም።

አስናቀን ከሥራ ሲመለስ ያዝኩት። "እናትህን እምቢ ማለት አቃተህ?"

"አንቺ የሚያድናትን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

አላውቅም። ክፋቱ ይህ ነው። አስናቀ ፍርድ ቤት ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ተቀምጦ የመካነ ኢየሱስ ከተማን ሰው አቤቱታ ሲጽፍ ይውላል፤ ቤት ሲመጣ ጆሮው አልቋል። ግን ፊቱ ከስቷል። እሱም አይተኛም።

ሌላም አለ፤ አማቴ በየምክንያቱ የሚያነሱት። የውብዳርን አርግዤ አንድ ቀን በቀትር ወንዝ ወርጄ ነበር። ልብስ ላጥብ፤ አንድ ቀን ብቻ። "በቀትር ወንዝ ዳር ምን እንዳለ መሪጌታ አልነገሩሽም?" ይሉኛል። አባቴ ሲሰሙ ስቀው ነበር። እኔም አላምንበትም። ግን በዚህኛው እርግዝናዬ ቀትር ላይ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ስጠርጋት ከማጅራቷ ላይ ቀይ መስመር አየሁ። ቀንበር የላጠው የበሬ ጫንቃ ይመስላል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁም? ስለማታስነካኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደግሞ አፈርኩ።

የተበጠሱትን ክሮች ፈለግኋቸው። ከአልጋው ሥር፣ ከደጅ፣ ከአመድ ማፍሰሻው። የሉም። የትም ትጥላቸዋለች መሰለኝ።

አምስተኛው ግን ተዘጋጅቶ ነበር። ማተቡን የሚገምዱት አማቴ ናቸው። የመጀመሪያው ነጠላ ክር ነበር። ሲበጠስ በሁለት ገመዱት፤ ቀጥሎ በሦስት። ይህኛውን ደግሞ እንዳይበጠስ ሰም አሽተውታል። ከደጅ ሲወጡ አንስቼ ከራሴ ማተብ በላይ አሰርኩት። እስከ ምሳ ድረስ። መጀመሪያ ያሳክካል። ቀጥሎ ቋጠሮው ይነክሳል። ምሳ ሲደርስ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ፈትቼ ሰጠኋቸውና ነገርኋቸው።

"ያሳክካል?" አሉ። "ማተብ ጌጥ ነው እንዴ? እኔ ስድሳ ዓመት አስሬዋለሁ!"

"ያ የርስዎ አርጅቶ ለስልሷል፣ እሜቴ። ይህችን ላስርልዎት?"

"ክሩን ተይና ምላስሽን እሰሪው!"

ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አላናገሩኝም። ግን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለኔ ይህ ብዙ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ሦስታችን ምስር ስንለቅም ዋልን። ጠጠር በማግኘት የውብዳርን የሚያህል የለም። ያገኘችውን በመስመር ትደረድራለች፤ መስመሩ ሲጣመም እንደገና ትጀምራለች። አማቴ ጠጠሮቹን ሲያዩ ቆዩ።

"ወንድም ነበረኝ" አሉ ድንገት። "እንደሷ። አይናገር፣ የሰው ዓይን አያይ።"

እስከ ዛሬ አብረን ስንኖር ሰምቼው አላውቅም። "ምን ሆነ?" አልኩ።

"ይሄድ ነበር። በር ከተከፈተ ዝም ብሎ መሄድ ነው። ሰው እርሻ ሲወርድ እናታችን ከምሰሶው ጋር በጠፍር ያስሩት ነበር። አንድ ቀን እኔን ጠብቂው ብለው ሄዱ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አለቀሰ። ፈታሁት።"

እጃቸው ምስሩ ውስጥ እንደገባ ቀረ።

"ክረምት ነበር። ወንዙ ሞልቷል።"

ሰፌዱን አነሱና፣ "ከዚያ ወዲህ የላላ ነገር አልወድም" አሉ። ከዚያ ስለ ጨው አወሩ።

እጃቸውን ልይዝ ፈልጌ አልያዝኩም። በዚህ ቤት መንካት የምትፈራው ልጄ ብቻ አይደለችም። እስከ ትናንት እሳቸውን መጥላት ይቀለኝ ነበር። አሁን እሱም የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12፣ ሚካኤል

ስንቅ አዘጋጀሁ፦ በሶው ተበጥብጦ ሳይሆን ደረቁን በአቁማዳ። ዳቦ ቆሎ። የልጅቱ ሁለት ቀሚስ። ትንሿን ሰፌድ ጨመርኩ፤ አወጣሁ፤ መልሼ ጨመርኩ።

ጉዞውን ለማስቀረት ያሰብኳቸው ነገሮች፦ በቅሎዋ አነከሰች ማለት። ልጅቱን አተኮሳት ማለት። ጎረቤት ቤት መደበቅ። የትኛው ጎረቤት? ወይዘሮ አበሩ ቤት? ብቻዬን ሳቅሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስናቀ የኮርቻውን ጠፍር ሊያይ ከምሰሶው አወረደው። የውብዳር ጮኸች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ምን ነካት ብለን ዞር ስንል ኮርቻው የተሰቀለበትን ኩላብ አየነው።

አራቱም እዚያ ነበሩ። አራቱ ማተቦች፣ ጎን ለጎን፣ ኩላቡ ላይ ታስረው። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ቋጠሮዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያያሉ።

"ማን ነው ይህን ያሰረው?" አለ አስናቀ።

አማቴ ቀረብ ብለው አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሷቸው። ነጠላው። በሁለት የተገመደው። በሦስት የተገመዱት። የገዛ እጃቸውን ሥራ ማወቅ አያቅታቸውም።

"እኔ ጣለችው ብዬ..." አሉ። አልጨረሱትም። ቀጥለው፣ "ቋጠሮ ማን አስተማራት?" አሉኝ።

"ማንም።"

የውብዳር ጩኸቷን አቁማ መጣች። የአያቷን እጅ በአንድ ጣት ገፋ አድርጋ ከክሮቹ ላይ አነሳች፤ ግንባሯን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። አማቴ እዚያው መሬት ተቀመጡ። አስናቀ ኮርቻውን እንደታቀፈ ቆሞ የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ነበር።

ማተቡን ጠላች ያልነው እኛ ነን። ለምን እንዳሰረችው ግን እኔም አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ለነገው ጉዞ የተሞላው አቁማዳ በሩ አጠገብ ነው። የአማቴ ምርኩዝ ከምሰሶው ተደግፏል፤ እንደወትሮው።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ሳይነጋ አለበስኳት።

አስናቀ በቅሎዋን ጭኖ አማቴን አወጣቸው፤ ምርኩዛቸውን አቀበላቸው። ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ልጅቱን አንስቶ ሊያቀብላቸው ጎንበስ ሲል፣ "ተወው" አሉ። "ኮርቻው ለሁለት አይበቃም።"

"እማ፣ ለጥምቀት ሁለት ሆናችሁ አይደለም እንዴ የወረዳችሁት?"

"ያኔ ቀጭን ነበርኩ።"

"በአንድ ወር?"

"በአንድ ወር ወፈርኩ! ምን ታፈጣለህ? ምራ በቅሎዋን!"

መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም። ወደኔ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጸበሉን በቅል ይዤላት እመጣለሁ። መጀመሪያ በእጇ ትንካው። ከዚያ በኋላ እናያለን።"

"እናያለን" ነው ያሉት። ቀረ አላሉም።

መንገድ ከጀመሩ በኋላ በቅሎዋን አስቁመው ዞሩ። "በሩን ግን ዝጊ" ብለው ጮኹ። "ሁልጊዜ ዝጊው!"

ዘጋሁት። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። የውብዳር ጠጠሮቿን ትደረድር ነበር። የጉዞ ቀሚሷን እንደለበሰች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

አስናቀ እናቱን ወንዙን አሻግሮ፣ ለስማዳ መንገደኞች አደራ ሰጥቶ፣ ዛሬ ተመለሰ። እግሩን እየታጠበ ነገረኝ።

"እማ ምርኩዟ ላይ ጥቁር ክር ታስሮ አየሁ። የልጅ ማተብ ይመስላል፣ ምንድን ነው ብላት፣ 'አይቼዋለሁ፣ ዝም በል' አለችኝ። መንገዱን ሁሉ አውራ ጣቷን እሱ ላይ አድርጋ ሄደች።"

ተነስቼ ምሰሶው ጋ ሄድኩ። ኩላቡ ላይ ሦስት ናቸው። የጎደለው ነጠላው ነው፤ የመጀመሪያው።

"ሰጠቻት እኮ!" አለ አስናቀ። ዓይኑ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። "ለአያቷ ሰጠቻት።"

ይሆናል። እንደዚያ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን ምርኩዙ ከምሰሶው ተደግፎ ነበር፤ የቆመ ነገር ነው፤ እጇ የደረሰበት ላይ አስራው ይሆናል። ደግሞ አስባለሁ፤ ምርኩዙ ከጥምቀት ጀምሮ በየዕለቱ እዚያው ነበር የሚደገፈው፤ እስከ ሐሙስ ግን አልነካችውም። ከዚህ በላይ ማሰብ እፈራለሁ።

አስናቀ ኮርቻው በሌለበት ከምሰሶው ሥር ተቀመጠ። መጥታ ትንሽ ጣቱን ያዘች። እንደዚያው ቆዩ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ብቻ፣ "እማ ስትመለስ ስለ ጸበሉ እኔ እናገራታለሁ" አለ። ይናገር እንደሆነ እናያለን።

ማተቡ በእጅ አንጓ ላይ ቢታሰር ምን እንደሚሉ የነፍስ አባታችንን እጠይቃለሁ። ነገ ያለ ማተብ ነው ቤተ ክርስቲያን የምወስዳት። ወይዘሮ አበሩ ነጠላዋን ትሰብስብ።

በሩን ሁለት ጊዜ አየሁት። ተዘግቷል።

ነገ እሑድ ነው፤ ሰኞ ኪዳነ ምሕረት። ማክሰኞ ለማተቧ ጥጥ እፈትላለሁ። የላላ አድርጌ።