የተገዛልኝ ወንበር

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላምሽ እንደ ናፍቆቴ ይብዛልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ልጅቷም የፊት ጥርሷ ወልቆ በክፍተቱ ማፏጨት ተምራለች።

እኔ አሁንም ቤት ሆኜ ነው የምሠራው። በአንድ እጄ ለመሥሪያ ቤቱ ደንበኞች መልስ እጽፋለሁ፣ በሌላው ድስት አማስላለሁ። ባለቤቴ ሲገባ፣ «ቤት ውለሽ ልብሱ እንኳ አልተተኮሰም?» ይለኛል። መቼስ ምን ይደረግ፣ እስቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ጉድ ልንገርሽ። አለቃዬ፣ «የክፍል ኃላፊነቱን ባለመቀበልሽ አዝነናል» አለችኝ። «የቱን ኃላፊነት?» አልኳት። ለካ ልጅቷን ሐኪም ቤት ይዤ ስሮጥ ስልኬን ረስቼ የወጣሁ ቀን ደውላ ኖሯል። ባለቤቴ አንስቶ፣ «እሷ ቤት መሆኑን ነው የምትፈልገው፣ ለሌላ ሰው ስጡት» ብሏታል። ለእኔ ትንፍሽ አላለም። ያን ዕለት ማታ ግን መደገፊያው ከፍ ያለ የቢሮ ወንበር ገዝቶ መጣ። «ቤት ስትሠሪ ወገብሽን እንዳያምሽ» አለኝ። እኔም ቂሏ አቅፌ ሳምኩት።

ወንበሩስ ይመቻል፣ አልዋሽሽም።

እትዬ፣ ያቺ የጓሮ ክፍልሽ ሰው ገብቶባታል ወይስ ባዶ ናት? ለልጅቷ የዕረፍት ጊዜ ብዬ ነው። እግረ መንገድሽን እዚያ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪ መቼ እንደሚቀበል ጠይቂልኝ።

ደህና ሁኚልኝ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። መልሱን ግን በደብዳቤ አድርጊው እንጂ እንዳትደውዪ። እዚህ ቤት ስልኬን የሚያነሳልኝ አለ።

ታናሽ እህትሽ