አጥሩ ላይ የታሰረው ሽቦ

ሰኞ

ጥፋቱ የይበልጣል ነው። ልጄ ነው፤ ቢሆንም ጥፋቱ የእሱ ነው። ነዳጅ ጠፋ ብሎ ሚኒባሱን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሰው ሊያመላልስበት ነው። ድምፅ የለውም፤ ሳይሰማ ከኋላ ይደርሳል። አልወደድኩትም።

ዛሬ ስማቸው የሚባለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ሦስት መንገድ አለ አለን፣ በወረቀትም ጻፈልን።

ተራ ሶኬት ላይ መሰካት። ሌሊቱንና ግማሽ ቀኑን ይፈጃል፣ የቤቱም ሽቦ አርጅቷል፣ ይግላል።
ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር፣ ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም መስመር ተስቦለት።
ቡሬ ድረስ ሄዶ ጋራዥ ውስጥ ማስሞላት።

ይበልጣል ወዲያው ሁለተኛውን አለ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው፤ በቡሬ ማን ይተማመናል? ይህን ብሎ ገበያ ሄደ።

ወረቀቱን ፊደል በፊደል አነበብኩት። በሃምሳ ዓመቴ የማታ ትምህርት የገባሁት ማንም በወረቀት እንዳያታልለኝ ነው። መጨረሻው ላይ "ኧርዝ ግዴታ ነው" ይላል። ረጅም ብረት መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ኤሌክትሪክ ካፈተለከ ሰው ሳይነካ በዚያ ይወርዳል። የሚቀበረው ጓሮ ነው፣ ጌሾዬ መሀል።

"ጌሾዬን አትነካም" አልኩት። ባሌ ሞቶ በዚያ ጌሾ ነው ልጅ ያሳደግሁ።

"እትዬ እናኑ፣ ሁለት እግር ብቻ ነው የምነቅለው።"

"አጥሩ ብረት አይደለም? ሽቦውን እሱ ላይ እሰረው።"

አንገቱን ደፋ። ሽቦውን አጥሩ ላይ አሰረው፤ ቻርጀሩንም በዚያው ቀን ሰቅሎ ጨረሰ።

ማክሰኞ

ሲዘንብ አደረ። መኪናው እንደተሰካ ነው ያደረው።

ጠዋት ጩኸት ሰማሁ። የጎረቤታችን የአለኸኝ ሚስት ጥሩወርቅ ናት። በጋራ አጥራችን ላይ እርጥብ ልብስ ልታሰጣ ኖሯል። እጇ ቆርቆሮውን ጨብጦ አልለቅ ብሏል። ዓይኗ ተገልብጧል፣ አፏ አረፋ ይዟል። ኤሌክትሪክ ይዟታል፤ በእጄ ብነካት አብሬ እንደምደርቅ አውቃለሁ። የሙቀጫውን ዘነዘና አነሣሁና ክንዷን መታሁት። አለቀቀችም። ደገምኩት። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁ። ጭቃው ላይ ወደቀች። መዳፏ ከስሏል።

አለኸኝ ሲደርስ ያየው እኔን ነው፣ ዘነዘና ይዤ ሚስቱ ላይ ቆሜ።

"ምን አረገችሽ አንች አሮጊት!"

ሰው ያዘው እንጅ ይገድለኝ ነበር። እሷ ሐኪም ቤት ናት። ነፍሷ አለች።

ረቡዕ

ጥሩወርቅ ለአለኸኝ ነግራዋለች፤ አጥሩ እንደያዛት አሁን ያውቃል። ስለዚህ መጥረቢያ ይዞ መጣ። መስመሩን ቆረጠው፣ ቻርጀሩን ከግድግዳው ጋር ፈለጠው፣ የመኪናውን መስታወት አረገፈው። "ሚስቴን ጠብሰህ ልትነዳ!" ይላል።

ይበልጣል የጎማ መፍቻ ይዞ ወጣ። አለኸኝን አንዴ ነው የመታው። ጆሮው ተሰንጥቆ ተንጠለጠለ። አለኸኝም በመጥረቢያው እጀታ የልጄን ሁለት ጣት ሰበረ። ደሙ የቤቴ በር ላይ አለ፤ አጥቤው አልለቅ አለ።

አለኸኝ፣ ሰው ይዞ ሲወስደው፣ እንዲህ ብሎ ጮኸ፦ "ወንድሞቼ ከማንኩሳ ይመጡልሃል!"

ሦስት ናቸው፣ መሣሪያ አላቸው። ከመጡ ልጄን ይገድሉታል።

ሐሙስ

ሽማግሌ ተቀመጠ። መምሬ ጥበቡ ጠየቁ፦ "ሽቦውን አጥር ላይ እሰር ያለው ማነው?"

ወረቀቱ መቀነቴ ውስጥ ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

"ማን ይሆናል፣ ስማቸው ነዋ!" አለ ይበልጣል። "ሙያ የለው፣ አጭበርባሪ!"

ዝም አልኩ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

ይበልጣል ከዚያው ተነሥቶ ወደ ስማቸው ሱቅ ሄደ። በደኅናው እጁ አንቆ ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው፣ ሲወድቅ ረገጠው። ሁለት ጥርሱ ወልቋል። ሰውየው አንዴም "እናትህ ናት ያዘዘችኝ" አላለም አሉ።

ዓርብ

የስማቸው ሚስት በቤቴ ደጅ አለፈች። "እንደምን ዋሉ" አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ወትሮው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማንኩሳዎቹ መጥተዋል። አለኸኝ ቤት ናቸው። ይበልጣልን ጓዳ ቆለፍኩበት። በሩን በእግሩ ይመታል።

ቅዳሜ

ሽማግሌው ፊት ቆምኩ። ስማቸው አፉ አብጦ ተቀምጧል። ሦስቱ የማንኩሳ ሰዎች ከአለኸኝ ኋላ ቆመዋል።

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ነግሮኝ ነበር፣ በጽሑፍም ሰጥቶኝ ነበር። ለጌሾዬ ሳስቼ ነው።"

መምሬ ወደ ስማቸው ዞሩ፦ "አንተስ ለምን አትናገርም?"

"እናቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው" አለ፣ ቃሉ እየተንሻፈፈ። "ሲያዙኝ እንቢ አላልኩ። በሰው ፊት ላጋልጣቸው ነበር?"

አንዱ የማንኩሳ ሰው "እንግዲህ አሮጊት አንገድል!" አለ። የሳቀ የለም። ጥሩወርቅ ክንዷ ታስሮ ከደጅ ተጣራች፦ "በዘነዘናው ባትመታኝ ሞቼ ነበር። ወደ ቤታችሁ ሂዱልኝ!"

ለካሳው ቀን ተቆረጠ። ብረቱ እስኪቀበር ድረስ እዚህ ግቢ መኪና አይሰካም፤ ይበልጣል ቡሬ እየሄደ ያስሞላል። ጌሾውን ከሽማግሌ መልስ እኔው ነቀልኩት፣ ሁለቱን እግር አይደለም፣ መደቡን በሙሉ።

ወንድማማቾቹ ይሂዱ አይሂዱ አላውቅም። ጓዳውን ከፈትኩለትና ያዘዝኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ይበልጣል ፊቴን አላየም። "ሰውየውን በከንቱ አስደበደብሽኝ" ብሎ ወጣ።

ልክ ነው። ከእንግዲህ ልጄ ሲገነፍል አቀርቅሬ የሰው ልጅ አላስመታም።