ከሰንደርላንድ ነን

ውድ አባዬ፣

ስልክ ስትደውል «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ ብዬ እንደምዘጋ ታውቃለህ። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ መጥተሽ አብረሽኝ ኑሪ ላልከኝ መልሴን የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

ዝም የምለው ዓይን አፋር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። አነጋገርህ ተለውጧል። የምትለው ሁሉ እንደ እዚያ አገር ሰዎች መጨረሻው ላይ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ እየነገርከኝ ይሁን እየጠየቅከኝ ግራ ይገባኛል።

ለንደን የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? ስምንት ዓመቴ ነበር። የታክሲው ሾፌር «እናንተ የኒውካስል ሰዎች ስታወሩ ደስ ስትሉ!» አለን። «አቁምልኝ፣ እዚሁ እንወርዳለን» አልከው። ዶፍ ይዘንባል።

«አባዬ፣ ምን አደረገን?»

«ሰንደርላንድን ከኒውካስል የማይለይ ጆሮ ይዞ መንገድ እንዴት ይለያል?»

ሁለቱ ከተሞች በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ናቸው፤ ለአንተ ግን ባሕር ማዶ ነበሩ። ጫማችን ውሃ ሞልቶ እየሳቅን ሄድን።

አምና ለገና ስመጣ፣ በዚያ ሙቀት ጎረቤትህ ትሬንት ግቢ ውስጥ ሥጋ ይጠብስ ነበር። «ና አንተ ሽማግሌ አህያ!» ብሎ ሲቀበልህ ልትደባደቡ መስሎኝ እጅህን ያዝኩ። አንተ ሳቅክ። እዚያ ሰው የሚሰድበው የወደደውን መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ከዚያ ለሥጋው ሳመሰግን ትሬንት ወደ እኔ ዞረ።

«ይቺስ? ስኮትላንዳዊት ናት?»

«ኧረ አየርላንዳዊት ናት! ስታመሰግን አልሰማሃትም?» አለች ሚስቱ።

አንተን አየሁህ። ቢራህን እንደያዝክ «ከኒውካስል ናት» አልክ። እንዲያው ለመገላገል፤ ኒውካስልን ሁሉም ሰው ያውቀዋላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እዚያ ብኖር እኔም እንዳንተ ከየት እንደመጣሁ መናገሩን እተዋለሁ ብዬ ስፈራ ቆየሁ።

አሁን ግን ቆርጫለሁ። እመጣለሁ። የዳቦ ቤቱን ሥራ በኅዳር እለቃለሁ፤ ትኬቱን ግዛልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አለ። በደረስኩ ቀን ትሬንት ቤት ትወስደኛለህ። እኔ እናገራለሁ፤ አንተ ዝም ትላለህ። «እኔ የሰንደርላንድ ልጅ ነኝ፤ አባቴም የሰንደርላንድ ሰው ነው» እለዋለሁ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት እየተለማመድኩት ነው። አክስቴ በሩን እየደበደበች «ድመት የምትፈሪ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» ትለኛለች። እኔ ግን አላቆምም።

ትሬንት «ያው አይደል እንዴ?» ካለ፣ ቢራህን አስቀምጠህ አብረኸኝ ትነሣለህ። በእግራችን ወደ ቤት እንሄዳለን። እዚያ ደግሞ ዝናብ እንኳ የለም።

ልጅህ ሮቢን፣
ከሰንደርላንድ