ለልጇ የተያዘው ወንበር

ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤትህ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብላ ያሳደገችኝ ሰው ስላለች እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ ያንተ ጤና አላሳሰበኝም። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ያመኛል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሚሠራ ሰው ይህ በሽታ አይባልም። እናታችንም ደህና ናት። ይህችን አረፍተ ነገር እባክህ ደግመህ አንብባት። እናታችን ደህና ናት። አሁን ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ተቀምጣ አሮጌ ሹራብ እየተረተረች ነው። መነጽሬን የት አደረግሽው ትለኛለች፤ ግንባሯ ላይ ነው።

ይህን የምነግርህ ምናልባት ብትረሳው ብዬ ነው። ዓይንህን በጨው ታጥበህ፣ በገዛ እጅህ ጽፈህ ገድለሃታልና።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርህ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት የታች ጥርሱን ሊያሠራ ሱቄ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ግን አፉ አያርፍም። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጀምሮ ስለ አንዲት ሴት ያወራኛል፤ አካሄዷ እንዲህ፣ አንገቷን ስታዞር እንዲያ። የሞተች ሚስቱ መስላኝ እያዘንኩለት ነበር። የጥርስ ልክ መውሰጃው ሳህን ላይ ጄሶ ሞላሁና አፉ ውስጥ ከትቼ ዝም አሰኘሁት። ያኔ ቦርሳው ከወንበሩ ወደቀ፤ ወረቀቶቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ላነሳለት ጎንበስ ስል እናታችን ከመሬት ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የመስኮት መዝጊያ በአንድ እጇ ይዛለች። ከፎቶዋ ግርጌ የተወለደችበት ዓመት ተጽፏል፤ ቀጥሎ ደግሞ የሞተችበት ዓመት፣ ከነወሩ፣ ከነቀኑ።

ማነው ሞታለች ያለህ ብዬ ጮህኩበት። አፉ በጄሶ የተሞላ ሰው ምን ሊመልስ ይችላል? ዓይኑን አፍጥጦ ያጉረመርማል። ጄሶው እስኪጠና አራት ደቂቃ ይፈጃል። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ የረዘመብኝ አራት ደቂቃ የለም። ጎትቼ ላወጣው አሰብኩ፤ የቀሩት ሦስት ጥርሶቹ አብረው ሊመጡ ስለሆነ ተውኩት። ሲወጣለት አፉን እንኳ ሳይጉመጠመጥ፣ ልጇ ነው የጻፈልን፣ አለኝ። ደብዳቤህን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይዞት ይዞራል። ሁለት መስመር ናት። እናቴ ሞታለች፤ ስለ እሷ የምነግራችሁ ነገር የለኝምና ሁለተኛ አትጻፉልኝ። ከዚያ ቀኑ። ከዚያ ፊርማህ። የእጅ ጽሑፍህ አልተለወጠም።

እኔም ያኔ አፌን ሞልቼ በሕይወት አለች ማለት ነበረብኝ። ወንድሜ ውሸታም ነው ብሎ ለባዕድ መናገር እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጄሶውን ሳጥብ እሱ ወሬውን ቀጠለ። አሮጌው ሲኒማ ቤት ለጋራዥ ሲፈርስ ሠራተኞች ከመድረኩ ሥር የፊልም ቆርቆሮዎች አገኙ። እናታችን በወጣትነቷ ከሠራቻቸው ሰባት ድምፅ አልባ ፊልሞች የተረፈው ያ አንዱ ብቻ ነው። ያዩት ሰዎች አላስችል ብሏቸው ማኅበር አቋቋሙ፤ የመስኮቷ ወዳጆች ይባላሉ፤ አሁን ሠላሳ ደርሰዋል። ስሟ የፊልም ስም ስለነበር እሷን ማግኘት አቃታቸው። ከፊልም ኩባንያው አሮጌ ወረቀት የአያታችንን ቤት አገኙ፤ ቤቱን ከአንተ የገዙት ሰዎች ያንተን አድራሻ ሰጧቸው። አገላብጠው ፈልገው ፈልገው፣ ከሰው ሁሉ አንተ እጅ ወደቁ።

ማታ ለእናታችን ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ውኃ በብርጭቆ ይዤ ነው የገባሁት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ፊልሙ እውነት መገኘቱን ነው። ቀጥላ ሞተች የተባለችበትን ቀን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወሩም ቀኑም እሱን እናቴ ዘንድ ትቼው የሄድኩበት ነው፣ አለች።

ቀኑን ከየት እንዳመጣኸው ያኔ ገባኝ። ወንድምዬ፣ የበደል ሒሳቤ ለእህቴ አልገባትም ብለህ እንዳታስብ። አባቴን የቀበርን ዕለት፣ ለመጨረሻ ጊዜ በመጣህ ጊዜ፣ ሁሉንም ነግረኸኛል። አራት ዓመትህ ነበር። ኩባንያው የወለደች ሴት አይቀጥርም ነበር። በዓመት ሁለቴ ስትመጣ በሰው ፊት ታናሽ ወንድሜ ትልህ ነበር፤ አንተም እታባ ብለህ እንድትጠራት ተመክረህ ነበር። ፊልሞች መናገር ሲጀምሩ ኩባንያው ተዘጋ፤ ከሄደች ከአሥር ዓመት በኋላ ጠቅልላ ስትመለስ በቁመት በልጠሃት ነበር። ከዚያ እኔ ተወለድኩ፤ እኔ እማዬ እያልኩ አደግኩ፤ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር። በደል ነው። ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ እሷም አልካደችም። ግን ሰው ሲበደል ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ በር ይዘጋል። ዐሥራ ስድስት ዓመት ዘግተሃል፤ ምንም አላልኩም። ቀን መርጦ፣ ፈርሞ፣ ፖስታ ቤት ወስዶ እናትን መቅበር ግን ምን ይባላል? እኔ ስም አጣሁለት።

በማግስቱ ለማኅበሩ ልጽፍ ተቀመጥኩ። እናታችን መጥታ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው። እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «ልጄ ሞታለች ካለ ሞቻለሁ። በስድሳ ዓመቱ በሰው ፊት ውሸታም አላደርገውም።»

ጮህኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። አንቺ ምን አጠፋሽ፣ አልኳት፤ አጥፍቻለሁ አለችኝ። ጭቅጭቁ ሦስት ቀን ፈጀ፤ እሷ አሸነፈች። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ፊልሙን ማየት። ያኔ ስትሠራው ከቆረጧቸው ቁርጥራጮች በቀር ሙሉውን አይታው አታውቅም። ጎረቤቴ ናት ብዬ ልወስዳት ቃል አስገባችኝ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለ አዳራሽ ነው። በየዓመቱ ፊልሙን የሚያሳዩት አንተ በሰጠሃቸው ቀን ነው፤ ሙት ዓመቷ መሆኑ ነው። ደረጃውን በስንት እረፍት ወጣን። ዓይኗ ስለደከመ ፊት ለፊት ባዶ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንዲት መምህርት እየተሽኮረመመች መጣችና፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ወንበር ለልጇ የተያዘ ነው» አለቻት። በየዓመቱ እንይዝለታለን፣ አንድ ቀን ይመጣል ብለን፣ አለች። እውነትም መደገፊያው ላይ ስምህ የተጻፈበት ካርድ ነበር። እናታችን ወዲያው ተነሳች። የተቀመጠችበትን በመዳፏ ጠረገችው፤ የተጋደመውን ካርድ አቃናችው፤ ሦስተኛው ረድፍ ሄዳ ተቀመጠች።

እኔ ደሜ ፈላ። መምህርቷ ግን የሆነ ሐዘን የገባኝ መስሏት ጀርባዬን አሻሸችኝ፤ ምስኪን ልጇ፣ ሐዘኑ ከብዶት ነው የማይመጣው፣ አለችኝ። ሰማህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ሠላሳ ሰው ሲያዝንልህ ኖሯል።

ከዚያ ፋርማሲስቱ ለነፍሷ አንድ ደቂቃ በጸሎት እንቁም አለ። አዳራሹ ተነሣ። እናታችንም የፊቱን ወንበር ተደግፋ ተነሣች። ኮቷን ጎትቼ ምን መሆንሽ ነው አልኳት። ሰው ሁሉ ሲቆም እንዴት ልቀመጥ፣ አለችኝ በጆሮዬ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለገዛ ነፍሷ ሙሉ ደቂቃ ቆመች። እኔ ተቀመጥኩ። እንደ ባለጌ አዩኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ንግግርም ተደረገ። ሐዘንተኛ ነበረች፣ ሳቅ የሚባል አታውቅም ነበር፣ አለ ፋርማሲስቱ። ሻይ ሲጠጣ እናታችን ቀረብ ብላ፣ እኔ እንደሰማሁት ቀልደኛ ነበረች፣ አለችው። እሱም በትሕትና አረማት፤ አይ እማማ፣ ከዓይኗ ያስታውቃል እኮ። እሺ ልጄ አንተ ታውቃለህ፣ አለችና ወደ እኔ ዞራ ጠቀሰችኝ። በእነሱ ልናደድ ሞክሬ ነበር፤ አቃተኝ። በየትኛው ጫማ ስንት እርምጃ እንደሄደች ቆጥረዋል። ጓንቷን ስታወልቅ አብረዋት እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከአንተና ከእኔ የበለጠ አይተዋታል። ስለዚህ ንዴቴ ሁሉ አድራሻው ወደ አንተ ሆነ።

ፊልሙ ተጀመረ፤ ድምፅ የለውምና ከማኅበሩ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ፒያኖ ይመታለታል። ታሪኩ ብዙ አይደለም። የምትወደው ሰው በመርከብ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። መጨረሻው ላይ መስኮቱን ከፍታ ወደ ውጭ ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለውን የሚገልጽ ጽሑፍ ግን አይመጣም። ምን እንዳለች ማንም አያውቅም። ማኅበሩ የቆመው በዚያች ቦታ ፍቅር ነው። ሦስት ዓመት ተከራክረው ዘጠኝ ግምት አሳትመዋል፤ ጠብቀኝ፣ አትመለስ፣ ይቅር በለኝ፣ ሌላም ሌላም። ደጋግመው ሦስቴ አሳዩት፤ እያንዳንዱ የራሱን ግምት ይጮሃል፤ ይሳሳቃሉ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ለደንበኛ አዲስ ጥርስ ስገጥም አናግረዋለሁ፤ ቃላት እየሰጠሁ በሉ እላለሁ። ድምፁን አልሰማም፤ የማየው ከንፈሩን ነው፤ የት እንደሚገጥም፣ የት እንደሚከፈት። እንጀራዬ ይህ ነው። መጀመሪያ ሲያሳዩት ገባኝ። ሁለተኛውን ለማረጋገጥ አየሁት። ሦስተኛውን ማየት አልቻልኩም።

ከዘጠኙ ግምት አንዱም አይደለም። ሊያገኙትም አይችሉም፤ በመርከብ ለሄደው ሰው የተባለ አይደለም፤ ትርጉም ያለው ቃልም አይደለም። ልጅ ሆኜ አያታችን እስክታርፍ ድረስ ከጓሮ ስትጣራው እሰማው ነበር። አቤት የምትላት አንድ አንተ ብቻ ነበርክ። ስሙን ያወጣችው ማን እንደሆነች አያታችን ነግራኛለች፤ እናታችን ከተመለሰች በኋላ ግን በዚያ ስም ስትጠራህ አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅኳት። ምን አለሽ ዳይሬክተሩ ያኔ? «ማንም አይሰማሽም፣ ያሻሽን በይ አለኝ» አለች። ከዚያስ? «ያሻኝን አልኩ» አለችና ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች።

አሁን ስማኝ። የፋርማሲስቱ ጥርስ በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል። ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ እኔም የምናገረው በሁለት ቃል ያልቃል። ግን ቃል አስገብታኛለችና አልናገርም። ሊናገር የሚችል በዓለም ላይ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው እስኪጽፍላቸው ድረስ እናታችን ሙት ናት፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን ደረጃውን ወጥታ ትቆማለች። ለከርሞ ጉልበቴ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም ብላለች፤ እንደ ዋዛ ነው ያለችው፤ ዋዛዋን ታውቀዋለህ። የማኅበሩን አድራሻ እዚሁ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ብትችል ግን አትጻፍ፤ ና። ይቅር በላት አልልህም። ያ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ና፣ የያዙልህ ወንበር ላይ ቁጭ በል፣ ከንፈሯን እይ። ከዚያ በኋላ ብትጠላትም እያወቅክ ጥላት።

ለማን እንደምጽፍ አውቃለች። አትቆጪው ብላኛለች። እሺ አልኳት፤ ዋሸኋት፤ በቤታችን የሚዋሽ አንተ ብቻ አትሁን።

እኔ ዛሬ ምርቃት አይወጣልኝም። የእሷን ግን አደራ ስለሆነ አልበላም፤ ቃል በቃል እነሆ፦ «ደጅህን ሰላም ያድርገው። እጅህ የያዘው ይባረክ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ።» አሜን የሚለው ተመራቂው ነውና እኔ አላልኩም። እዚህ መጥተህ፣ ፊቷ ቆመህ በል።

ታናሽ እህትህ