«ይዟል?» ላለችኝ

ጥቅምት 4
ጥርሴን አጠብኩ። መስታወት አየሁ። በታች በኩል፣ በድዴ ንቅሳት መሀል ያቺ ቀይ ቦታ አለች። ድዴ ከጥርሴ ሲሸሽ ሐኪሙ ከላንቃዬ ቆርጦ የሰፋት። ስምንት ዓመቷ። የሸሸች አትመስልም... ግን እኔ ምን አውቃለሁ? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከሰው አላወራሁም።

ጥቅምት 6
የሐኪሙን ወረቀት ከሣጥን ሥር አገኘሁት። ያኔ የሚያነብልኝ ባሌ ኃይለ ሚካኤል ነበር። ፊደል በራሴ የለየሁት እሱ ካረፈ በኋላ ነው። «በየዓመቱ ለምርመራ ይመለሱ» ይላል። አንድም ቀን አልተመለስኩም።
ይርጋነሽ ታናሼ፣ የሷም ድድ እየሸሸ ነበር። «አብረን እንታከም» ስትል «የኔ መያዙን እንይና» አልኳት። እሺ አለች። ታላቋ ነኛ። ከዚያ ባሌ ሞተ፣ ቤት ዘግቼ ቀረሁ። ከሞጣ ሁለቴ «ይዟል?» ብላ ላከችብኝ። አልመለስኩላትም። ለምን?

ጥቅምት 12
ባሕር ዳር ደርሼ መጣሁ። ሐኪሙ ድዴን ለካ።
«ጥሩ ይዟል፣ እማማ። ከዳር ብቻ ትንሽ ወርዷል። መፋቂያ ይጠቀማሉ?»
አፈርኩ። «እሑድ እሑድ።»
«እሑድም ይተዉት።»
ስለ እኅቴ ጠየቅኩት። «ጥርሷ ሳይነቃነቅ ብትመጣ ጥሩ ነበር» አለ።
ስመለስ ሚኒባሱ ሞጣ ቆመ። ቤቷ ከመናኸሪያው ቅርብ ነው። አልወረድኩም።

ጥቅምት 13
ነጠላዬን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጥቅምት 15፣ ሞጣ
ዛሬ ወረድኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከፈተችልኝ።
«መንገድ ጠፍቶሽ ነው፣ እታለም?»
«ይዟል» አልኳት፣ ሳልቀመጥ።
አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ።
«ይቺ ቀይዋ?»
«እሷ ናት።»
«የሱሪ መጣፊያ ትመስላለች።»
ከዚያ ነጠላዋን አወረደች። ሁለት የታች ጥርሶቿ የሉም። «አምና ወለቁ። ያንቺን ቃል ስጠብቅ።»
«ይቅር በይኝ።»
«ለሱ ገና ነኝ» አለች። እራት ግን አቀረበች።

ጥቅምት 18፣ ሞጣ
ሰኞ ባሕር ዳር እንሄዳለን፣ ለቀሩት ጥርሶቿ። ይድኑ እንደሆን ሐኪሙ ይወቅ። ይቅር አላለችኝም። ጠዋት ግን ጎረቤቷ መሪማ ስትጠይቃት «ታላቄ ናት፣ ትሰነብታለች» ስትል ሰማሁ። አፏን ሳትሸፍን።
የቢቸና ቤቴን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥታ መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። ስጪኝ አልኳት።
«አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ።