ለቦክስ ከረጢት ለቅሶ ለደረሱት ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ መሳፍንት
የሰሜን ዳርቻ መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
ማውንትሌክ ቴራስ

ክቡር ሰብሳቢ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ጆሮዎ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ሩቁን እየሰማ እንዲሰነብትልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ለደብዳቤዎ መልስ ከመስጠቴ በፊት ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አንድ ነገር ልጻፍልዎ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ታኮማ ስንኖር፣ ጎረቤታችን ማህደር ባሏ ሲደበድባት በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ጎረቤት ናትና እሷ ትናገር ተብዬ ስጠራ፣ «ምንም የሰማሁት ነገር የለም» አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ወልደ ሥላሴ ነበር፤ ሌላው እርስዎ። ማህደር ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ከባሏ ጋር ወጣች። በሦስተኛው ወር አንድ ጆሮዋ መስማት አቁሞ ከተማውን ለቃ ሄደች።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ሳሎኔ ውስጥ ያቆምኩትን «ጆንያ» እንዳስወግድ፣ ከጥር ወር ጀምሮ እኔ ዘንድ የተጠጋችውን ሃሴትን በመጪው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አዳራሽ አምጥቼ ከባሏ ጋር እንዳስታርቅ፣ እምቢ ብል ከእድሩ እንደምሰረዝና ስሞት ቀባሪ እንደማይኖረኝ አሳውቀውኛል። አስቀድመው ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ዕቃው ጆንያ አይደለም። የቦክስ መለማመጃ ከረጢት ይባላል፤ እሱን ለመምረጥም እድራችን ሰብሳቢ ለመምረጥ ከሚወስድበት ጊዜ የበለጠ ወስዶብኛል። ፊደል የለየሁት ካደግሁ በኋላ ብቻዬን በመሆኑ የጀመርኩትን ሁሉ እስከ መጨረሻው የማንበብ ልማድ አለብኝና፣ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የገዢዎችን አስተያየት ሁለት ሳምንት አነበብኩ። ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን፣ የአፓርትመንቱ አስተዳደር ጣሪያ መብሳት ስለሚከለክል ተውኩት። ከሥሩ ውሃ ተሞልቶ ራሱን ችሎ የሚቆመውን ገዝቼ ነበር፤ ሃሴት በመታችው ቁጥር እየተንሸራተተ ማድ ቤት ይገባል። ጠንከር ያለ ነገር ሲመጣበት የሚሸሽ በኮሚቴያችን ውስጥ በቂ ስላለን መለስኩት። በመጨረሻ የብረት መስቀያ ያለውን፣ ባዶውን ተገዝቶ ባለቤቱ ራሱ ጨርቅ የሚጠቀጥቅበትን መረጥኩ። ክብደቱ የሚመታው ሰው ክብደት ግማሽ ቢሆን ይመረጣል ይላሉ። ሃሴት ሃምሳ ሁለት ኪሎ ናትና ሃያ ስድስት ይበቃናል ብላት፣ «እትዬ ሙሉ፣ እሱ እኮ ሰማንያ አምስት ኪሎ ነው» አለችኝ፤ ባሏን ማለቷ ነው። ሠላሳ አምስት አደረግነው።

ሁለተኛ፦ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ቤቴ የተደረገውን ለቅሶ ይመለከታል። ረፋዱ ላይ ተራ በተራ ስንለማመድ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት አቶ ፍስሐ ድው ድው የሚል ድምፅና ማቃሰት ሰምተው፣ መርዶ መጥቶብኝ ብቻዬን ደረቴን የምደቃ መስሏቸው ደወሉልዎ። በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ታጣፊ ወንበር ተሸክመው፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ እያለቀሱ ገቡ። እርስዎ ራስዎ በዚያ ትራፊክ ከቤልቪው ድረስ መጥተው፣ ሃሴትን በጓንት እኔን በላብ ሲያገኙን «ታዲያ የሞተው ማነው?» ብለው ጠየቁ። አንዲት እናት «ኦኬ፣ የመጣ ምግብ አይመለስም» ብለው ትሪውን ከፈቱ፤ ተበላ። ስለ ምግቡ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቀይ ወጡ ጥሩ ነበር።

ሃሴትና ባሏ በኖሩበት ሕንፃም የእድራችን አባላት ከጎንም ከላይም አሉ። ከዚያ ቤት አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ድምፅ ይወጣ ነበር፤ አንድም ሰው ወንበር ይዞ አልመጣም። ቆዳና ጨርቅ ሲመታ በሃምሳ ደቂቃ የሚደርሰው እድራችን፣ ሰው ሲመታ ግድግዳው ይወፍርበታል። ወቀሳው ለእናንተ ብቻ እንዳይመስልዎ። አለመስማት እንዴት እንደሚሠራ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ቴሌቪዥኑን ከፍ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ያልቆሸሸ ዕቃ ማጠብ። ታኮማ ውስጥ ከእኔ ቤት ዕቃ የበለጠ የጸዳ ዕቃ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ እርቁን በተመለከተ ደብዳቤዎ «በትንሽ ነገር ቤት እንዳይፈርስ» ይላል። ትንሹ ነገር ሁለት የተሰነጠቀ የጎን አጥንት ነው፤ የሐኪሙን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባሏ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሽማግሌዎች ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ እንደሚጠይቅም በደስታ ገልጸዋል። የማህደር ባልም ተሸክሞ ነበር። ድንጋዩን ከፓርኪንጉ አጥር ሥር ያመጡለት እርስዎ ነበሩ፤ አንዱን ከፍ አድርገው ሞክረው፣ ከብዶዎት መልሰው አስቀምጠው፣ ቀለል ያለውን እንደመረጡለት በመስኮት አይቻለሁ። የዕቃ ክብደት መምረጥ ከእኔ በፊት የጀመሩት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

ስለዚህ እሑድ ሃሴት አትመጣም። የት እንደምትሆንም አልነግርዎትም። ስምንት ሰዓት ላይ የምመጣው እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት የዘገየውን ምስክርነቴን በተሰበሰበው ሰው ፊት እሰጣለሁ። የሰማሁትን አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ ድንጋዩንም ጭምር። ቴሌቪዥን ቢኖር በአክብሮት እንዲዘጋልኝ እጠይቃለሁ።

ቀብሬን በተመለከተ አይጨነቁ። ለመስቀያው ማስደገፊያ የሚሆነውን አርባ ኪሎ አሸዋ ሃሴት ከመኪና እስከ ሁለተኛ ፎቅ ብቻዋን አውጥታዋለች። እኔን ለማውረድ አትቸገርም።

ለዓመታት ላደረጉልን ጥበቃ፣ ይልቁንም ከጩኸት ለጠበቁን ጸጥታ፣ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጓንቴን አውልቄ በሁለት እጄ እጅ የምነሳዎት፣

ሙሉወርቅ፣ የወልደ ሥላሴ ባለቤት የነበርኩ
ሰሜን ሲያትል

ሳልረሳው፦ ለቅሶ የመጡ ዕለት ከረጢቱን ዳበስ አድርገው ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቀውኝ ነበር፤ በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎት ወጥ ጨመርኩልዎት። የእድራችን አሥረኛ ዓመት ሲከበር ፎቶግራፍዎን አስደርገው ያሳተሟቸው፣ ማንም ሳይወስዳቸው ቁም ሣጥኔ ውስጥ የቀሩት ሁለት መቶ ቲሸርቶች ናቸው። ደረታቸው ላይ «ችግርዎን እንሰማለን» ይላል። ከታተሙ ወዲህ አንዲት ሴት ሲረዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ፣ በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለሃሴት፣ ከጓንቷ አጠገብ፤
ለአቶ መሳፍንት። ስምዎ ከላይ መጻፉ አያሳስትዎ፤ በእጅዎ የያዙት ግልባጩ ነው። ዋናውን፣ አድራሻዋን ከእህቷ ተቀብዬ፣ በእጄ ጽፌ፣ ትናንት ለማህደር ልኬዋለሁ።