ተዘግቷል

ውድ ወንድምዓለም፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ የፋብሪካችን በር ጥበቃ ነው። አንብበህ ሳትጨርስ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ እንዳትራመድ። ፖስታው ላይ የእጄን ጽሑፍ ስታይ ልትቀደው እንደሚዳዳህ አውቃለሁ፤ ኩርፊያህን ከእናታችን እኩል የማውቀው እኔ ነኝ። መቅደዱን ቅደደው፣ ግን መጀመሪያ አንብበው። ውስጡ ያለውን ቁልፍም እንዳትጥል።

ሳልደውልልህ ቀርቼ አይደለም። ስልክህን ዘግተኸዋል። ቤትህም ሄጄ ነበር። ሚስትህ በሩን ገርበብ አድርጋ ግቢም ሂጂም ሳትለኝ ቆመች። «ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነው፤ እሑድ ጠዋት ከዚያው በቀጥታ ወደ እናንተ ፋብሪካ ይመጣል» አለችኝ። «እባክሽ ንገሪልኝ» ስላት «እኔን መሃል አታስገቡኝ፤ ስምሽን ሳነሳ ፊቱ ልውጥ ይላል» አለች። አልፈረድኩባትም። አንተ ሰው ስትዘጋ እንዴት እንደምትዘጋ ታውቃለች።

ባለፈው ዓመት ከነሠራተኞችህ ከበር የመለስኩህን እስካሁን አልረሳኸውም። የተቋራጭ ሠራተኞችን ሥልጠናና ኢንሹራንስ አይቶ ማስገባት ወይም መመለስ ሥራዬ ነው። ለዚህም ነው ሠራተኛው ሁሉ «ፌርማታ» የሚለኝ፤ እኔ ጋ ሳይቆም የሚያልፍ የለም። ያን ቀን ያ ጢማሙ በያጅህ ያሳየኝ የሥልጠና ምስክር ወረቀት የሴት ስም ነበረበት። «ወይዘሪት፣ እንኳን ደህና መጡ» ስለው ጥበቃዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አንተ ግን አልሳቅክም። «እናቴ የወለደችልኝ ፖሊስ!» ብለኸኝ መኪናህን አዞርክ። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ናፍቀኸኛል። ዛሬም ግን እንደዚያ ሆነህ ብትመጣ እመልስሃለሁ።

አሁን ችግሩ የምመልስህ እኔ አለመኖሬ ነው።

በእንፋሎት የሚሞቀው የሳሙናው ማብሰያ ጋን ውስጡ ተሰንጥቋል። ሠራተኞችህን ይዘህ ወደ ጋኑ ገብተህ እንድትበይድ የምርት ኃላፊያችን ራሱ ደውሎልሃል። ከስንት ተቋራጭ መሃል ለምን አንተን እንደመረጠ ጠይቀህ ታውቃለህ? በሥራህ ኮርተህ ይሆናል፤ ጎበዝ በያጅ ነህ፣ አይካድም። እሱ የፈለገው ግን እኔን የማያነጋግር ተቋራጭ ነው። እንደተኳረፍን ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል።

ሥራው ላይ እኔ እንደምቆም ስነግረው ፈገግ አለ። ፈገግታውን ካየህ ጠንቀቅ በል። «የወንድምሽን ሥራ አንቺ ብትቆጣጠሪ የጥቅም ግጭት ነው። ሕግ ነው እኮ፤ ሕግ የምትወጂ ሰው አይደለሽ?» አለኝ። በዚያው ከማግስቱ ጀምሮ ዕረፍት እንድወጣና መግቢያ ባጄን እንዳስረክብ አዘዘኝ። «እሺ፣ እንፋሎቱን ማን ይዘጋላቸዋል?» ስለው ውሉን ገልጦ አንዱን አንቀጽ በጣቱ መታ መታ አደረገ። በሥራው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ተጠያቂው ተቋራጩ ነው ይላል። ፈርመህበታል። «ይቺ እያለች አንቺን ምን አስጨነቀሽ?» አለ። የእንፋሎቱ መክፈቻና መዝጊያ መዘውር በእኛ እጅ እስካለ ድረስ በዚያች አንቀጽ ከሕግ እንደማያመልጥ ነገርኩት። «ፍርድ ቤት ስንደርስ እንነጋገራለን» አለኝ። ወንድምዓለም፣ ገና ምንም ሳይሆን ስለ ፍርድ ቤት የሚያወራ ሰው ያስፈራኛል።

ሳቂታውን ታስታውሰዋለህ? ባለፈው ክረምት ቧንቧ ሊቀይር የመጣውን፣ ከአንተ ጋር ካርታ የሚጫወተውን? «ቸኩሎ ነው የተቃጠለው» ብለው እንደነገሩህ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። አጠገባቸው ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋኑ ውስጥ ሆኖ እንፋሎቱን የሚልከውን የቦይለሩን ሠራተኛ «ተዘግቷል?» ብሎ ጠየቀው። «ተዘግቷል» አለው። እውነቱን ነበር፤ ያኔ ተዘግቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፈረቃ ተቀየረ። አዲሱ ተረኛ እንደ ወትሮው ጋኑን ሊያሞቅ መጥቶ መዘውሩን አዞረው። ጋኑ ውስጥ ሰው አለ ብሎ የነገረው የለም። መጀመሪያ ቧንቧው ጠቅ ጠቅ አለ፤ ከዚያ የሳቂታውን ድምፅ ሰማን። እግሮቹን ዛሬም በቅጡ አያንቀሳቅሳቸውም።

ማንም አልዋሸም፣ የሚያስፈራኝም ይሄው ነው። እኛ ፋብሪካ «ተዘግቷል» ማለት «አሁን ክፍት አይደለም» ማለት ነው። እናንተ ስትሰሙት ግን «እኛ ሳንወጣ ማንም አይከፍተውም» ማለት ይመስላችኋል። ይህን የነገራችሁ ማንም ሳይኖር በዚች አንድ ቃል ተማምናችሁ ትገባላችሁ። እኔ ከዚያ በኋላ መዘውሩ በቁልፍ ይቆለፍ፣ ቁልፉም ጋኑ ውስጥ በሚገባው ሰው ኪስ ይሁን ብዬ ለመንኩ፣ ጻፍኩ፣ ጮህኩ። «ሥራ ታጓትቺያለሽ» አሉኝ።

ስትገባ በስተቀኝ ትልቅ ሰሌዳ ታያለህ። ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት ይላል። ቁጥሩ ሳቂታው ከተቃጠለ በኋላ እንኳን ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ በማግስቱ አንድ ቀን ጨመሩበት። ኃላፊውን ብጠይቀው «የተቋራጭ ሰው ነዋ፤ የእኛ አይደለም፣ አይቆጠርም» አለኝ። እሑድም አንተ ብትሞት ያ ቁጥር ሰኞ ይጨምራል። 

ለመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አመልክቼ ነበር። በትሕትና ተቀበሉኝና «ሰኞ መጥተን እናያለን» አሉኝ። ሰኞ መጥተው ምን እንደሚያዩ እንጃ።

ስለዚህ ባጄን ከማስረከቤ በፊት በገዛ እጄ አንድ ነገር አደረግኩ። ከቦይለሩ ክፍል ጀርባ፣ ከጋኑ ሥር፣ ዝቅ ብሎ ያለ ቀይ የእንፋሎት መዘውር አለ። ዘጋሁትና በሰንሰለት ጠፍሬ ቆለፍኩት። ጓጉንቸሯን ስታያት ታውቃታለህ፤ በመጀመሪያ ደሞዝህ ለእናታችን የአጥር በር የገዛሃት ናት፣ ያቺ ጥርሷ የሚነክሰው። ጣትህን ስንቴ እንደነከሰችህ አልረሳህም መቼም። ቁልፏ ፖስታው ውስጥ ያለው ነው። ሌላ የላትም።

ግን በእሷም አትተማመን። ይህን ደብዳቤ ላስረክበው ስሄድ ጥበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ጥገናዎቹ ይሄን ጓጉንቸር ማን ሰቀለው እያሉ የብረት መቁረጫ ሲፈልጉ ሰምቻለሁ» አለኝ። አገኙት አላገኙት አላውቅም። ያለ ባጅ ገብቼ ማየት አልቻልኩም። ይህንንና ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት እዚያው ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ነው።

እንግዲህ ስማኝ። መሣሪያህን ከመኪና ከማውረድህ በፊት ብቻህን ወደዚያ መዘውር ሂድ። «ሂድ፣ እየው» ብለህ ሰው እንዳትልክ፤ ራስህ ሂድ። ጎንበስ ብለህ ጓጉንቸሯን በእጅህ ጎትታት። ካለችና ከያዘች ቁልፉን ኪስህ ክተት፤ ጋኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳይወጣ ለማንም እንዳትሰጥ፣ ኃላፊው እየሳቀ ቢጠይቅህም። ከሌለች፣ ወይም በቦታዋ ሌላ አዲስ ጓጉንቸር ካየህ፣ ማን ምን ቢልህ ሠራተኞችህን ይዘህ ውጣ። «ተዘግቷል» ይሉሃል። አትመናቸው፤ ከልባቸው ይሆናል የሚሉህ፣ ቢሆንም አትመናቸው። ፈራ ቢሉህ ይበሉ። እህቱ አስፈራራችው ቢሉህም በእኔ አሳብብ፤ ስሜ እንደሆነ አንዴ ፌርማታ ወጥቶልኛል።

እናታችን ስለ ፋብሪካው የምታውቀው ነገር የለም። ትናንት ግን የአጥሩን በር ልትቆልፍ ብትፈልግ ጓጉንቸሯን አጣቻት። «ሚጣ፣ ቁልፌን ምን በላው?» አለችኝ። «ወንድሜ ጋ ነው፣ እሑድ ይዞልሽ ይመጣል» አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታይ! ከእኔ ጋር መታረቅህ መሰላት። ዛሬ ጠዋት ተነስታ አልጋህን አንጥፋለች።

ስለዚህ ጓጉንቸሯን ከነቁልፏ ራስህ ይዘህልኝ ና። እንደተኮራረፍን ና፤ ገብተህ አታናግረኝ፣ ግድ የለም። እናታችን እንደሆነ አንተ እስክትመጣ በሩን አልዘጋም ብላለች።

እህትህ፣
ሚጣ